በረኛዋ መዝለል ያቆመችበት ሰሞን

የስፖርት መምህርቷ ድምፅ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ሜዳው ወዲያ ጫፍ ያለ ልጅ ጫማው መፈታቱን የሚያውቀው ወዲህ ጫፍ ቆማ ስትነግረው ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «እትዬ ፊሽካ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ ደስም ይላታል። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ ሴትዮ፣ ምስጢርሽን ለእኔ ስትነግሪኝ ጎረቤት ይመክረናል» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ይህች ሴት ከምታሠለጥናቸው ልጆች ሁሉ አብልጣ የምትወዳት የሴቶች ቡድኑን በረኛ ነበር። ልጅቷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ክንዷ ከቁመቷ የረዘመ፣ ንግግሯ ቁጥብ። ጓደኞቿ «ግንቧ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ኳስ ወደ እሷ ሲመጣ ከመሬት የምትነሣው ምን ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰው የሚያያት ኳሱን አቅፋ ስትወድቅ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በልምምድ ላይ አንዲት ደካማ ኳስ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ወደ ጎሉ መጣች። ግንቧ ዓይኗን ጨፍና የምትይዛት ዓይነት ነበረች። ቆማ አየቻት። ኳሷ በእግሯ አጠገብ አልፋ መረቡ ውስጥ ገባች። ልጅቷ የሚያልፍ መኪና እንደሚያይ ሰው ፊቷን አዙራ ተከተለቻት እንጂ ጣቷን አላነሣችም።

«ምነው እመቤት! ወንበር ይምጣልሽ?» ብላ ጮኸች እትዬ ፊሽካ።

ልጆቹ ሳቁ። ግንቧም ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን የተዋሰችው ይመስል ቶሎ ተመለሰ። መምህርቷ ይህን አየች። ውድድር እየደረሰ ስለነበር ግን «ደክሟት ይሆናል» ብላ አለፈችው።

በሚቀጥለው ሳምንት ግንቧ ልምምድ አልመጣችም። በእሷ ቦታ የቆመችው ተጠባባቂዋ፣ ገና የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ እጇ ላይ ሰፋፊ ጓንት አጥልቃለች። እትዬ ፊሽካ ጓንቱን ከሩቅ ለየችው። ግንቧ እንኳን ልትሰጠው፣ ለደቂቃ ልታውሰው የማትወደው ጓንት ነው። አባቷ ነው የገዛላት። አባትየው አናጺ ነው፤ የሴት ልጅ ኳስ ጨዋታ ብዙም የማይጥመው፣ ግን ልጁ እጇ ተላልጦ ስትመጣ ማየት ያልቻለ ሰው።

«ማን ሰጠሽ?»

«ግንቧ ናት ቲቸር። ‹ለዘለቄታው ያዢው፣ እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለችኝ።»

የመምህርቷ የመጀመሪያ ስሜት ንዴት ነበር። በውድድር ዋዜማ ቡድን ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ብልግና ነው! ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና አፏን መልሳ ዘጋች።

ትዝ ያላት የአማካሪው ቃል ነው። አማካሪው በዓመቱ መጀመሪያ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ከመሆኑ የተነሣ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «እ?» ይለዋል። አንድ ከሰዓት መምህራኑን ሰብስቦ ስለ ተማሪዎች ጭንቀትና ራስን ስለማጥፋት ተናግሮ ነበር። ግማሹ ፈተና ያርም ነበር፤ እትዬ ፊሽካም እንቅልፍ እያዳፋት ነበር። ቢሆንም አንዱ ንግግሩ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል።

«የሚወዱትን ዕቃ ለሰው ሲያድሉ፣ ከሰው ሲሸሹ፣ ነገራቸው ስንብት ስንብት ሲል ካያችሁ ጠይቁ። ዙሪያውን አትሂዱ፤ ‹መሞት አስበሻል ወይ?› ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ።»

«የተኛ ነብር መቀስቀስ አይሆንም?» ብሎት ነበር የሒሳብ መምህሩ።

«ነብሩ ካልተኛስ? ልጁ እኮ ብቻውን ነው አብሮት ያለው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ሐሳቡ ካለ ግን ልጁ ብቻውን እንዳይሸከመው ያደርጋል» ነበር መልሱ።

እትዬ ፊሽካ ልምምዱን ለአምበሏ ትታ ግንቧን ፍለጋ ሄደች። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ከውኃ ቧንቧዎቹ አጠገብ ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት። ቦርሳዋን አቅፋለች። መምህርቷ ጉልበቷን እያመማት አጠገቧ ተቀመጠችና በሕይወቷ ሞክራው በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ጀመረች። ድምፁ ግን አልታዘዝ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ጉንፋን ያዘዎት እንዴ ቲቸር?»

«አይ፣ ቀስ ብዬ መናገር እየሞከርኩ ነው።»

ልጅቷ ልትስቅ ነበር፤ ሳይሆንላት ቀረ። ከቧንቧዎቹ አንዱ ያፈሳል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ያቺን ኳስ ለምን ተውሻት?» አለች እትዬ ፊሽካ።

«አልተውኳትም። አየኋት። እጄ ግን ‹ለምን?› አለኝ።» ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። «ሁሉም ነገር ላይ ነው እንደሱ የሚለኝ። ስነሣ ‹ለምን?›፣ ስበላ ‹ለምን?›። ተኝቼም አላርፍም።»

መምህርቷ አማካሪው ጠይቁ ያለው ጥያቄ ተራው እንደደረሰ አወቀች። ሌላ ጥያቄ ብትጠይቅ፣ «አይዞሽ ያልፋል» ብላ ብትነሣ ማንም አይወቅሳትም ነበር።

«ሰው እንዲህ ሲሆን አንዳንዴ መኖር ያስጠላዋል» አለች በመጨረሻ። «አንቺስ? መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ የታየው እትዬ ፊሽካ እንደፈራችው ድንጋጤ ወይም ቁጣ አልነበረም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ «ላግዝህ?» የተባለ ሰው ፊት ነበር።

«አዎ» አለች።

«አሁንም?»

«አሁንም።»

እትዬ ፊሽካ አፏ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ልጅ ነሽ፣ ምን ጎደለሽ፣ እናት አባት አለሽ፣ ጤናሽ ሙሉ ነው… ሁሉንም ዋጠችው። «እሺ። እንኳን ነገርሽኝ» ብቻ አለች፤ የልጅቷንም እጅ ያዘች። ቀዝቅዞ ነበር።

«ለማንም እንዳይናገሩ። ይማሉልኝ።»

«እሱን አልምልልሽም፤ ይሄ ለሁለታችን የሚበዛ ነገር ነው። ብቻሽን ግን አልተውሽም። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።»

አማካሪው ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አነጋገራት። እትዬ ፊሽካ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆማ ቆየች። ከዚያ አባቷ ተጠራ። አናጺው ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ ፀጉሩና ትከሻው ላይ ሰጋቱራ ነበር።

«ምን አጠፋች?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ምንም አላጠፋችም። ታማለች» አለ አማካሪው። ልጅቷም በተገኘችበት፣ ቃሉን ሳይሸፋፍን፣ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ እየመጣባት እንደሆነ፣ ይህም የሚታከም ሕመም መሆኑን አስረዳው። ብቻዋን እንዳይተዋት፣ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና ለጉዳት የሚሆን ነገር ሁሉ እንዲቆልፍበት፣ በማግስቱም ጠዋት ሆስፒታል እንዲወስዳት ነገረው። ሐኪም ይጠብቃታል፤ ቀጠሮው ተይዟል።

አባትየው የልጁን ፊት አላየም። ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

«ክፉ አታውሩ» አለ። «ልጄ እብድ አይደለችም።»

«እብድ ናት ማን አለ? እግሯ ቢሰበር …» አለ አማካሪው።

«እግሯ አልተሰበረም። የፈተና ድካም ነው። ቤቷ ታርፋለች፤ አለቀ።» ስለ ሆስፒታሉ ሲደጋገምለት «እሺ፣ እሺ» አለ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ልጁን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ሆስፒታል አልመጡም። ልጅቷም ትምህርት ቤት አልመጣችም። የአባትየው ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፋል» አለ።

«ደብዳቤው ማህተም እስኪመታ ልጅቷ ምን ትሁን?» አለች እትዬ ፊሽካ፤ ይህም በሁሉም ክፍል ተሰማ።

አባትየውን ፍለጋ ልትሄድም ተነሣች። አማካሪው አብሯት መሄድ ፈልጓል፤ ግን አንድ የሚያለቅስ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ። «እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ፣ አብረን እንሄዳለን» አላት በር ላይ ብቅ ብሎ። «እሺ» አለችው። ግን አልጠበቀችውም።

የአናጺው ሥራ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከጎማ ጥገና ቤት ጎን ነው። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን እየጮኸ አንድ ወፍራም ጣውላ ለሁለት ይከፍላል። ሁለት ሠራተኞች ጣውላውን ይዘዋል፤ ሌላው ጥግ ላይ ወንበር ቫርኒሽ ይቀባል። አናጺው ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«ልጅቷ የት አለች?» አለችው።

እጁን ወደ ጆሮው አደረገ። አልሰማም።

«ልጅቷን ለምን ሐኪም ቤት አልወሰዷትም?»

ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ውጭ እንድትወጣ ምልክት ሰጣት። እሷ ግን አስወጥቶ ሊሸኛት የፈለገ መሰላትና የባሰ ተናደደች። ማሽኑ ይጮሃል፤ እሷም ከማሽኑ በላይ ለመጮህ ሳንባዋን ሞላች። አናጺው በበኩሉ መስማት አቅቶት ወደ ሠራተኛው ዞሮ «አጥፋው» የሚል ምልክት አደረገ። ሠራተኛው ማጥፊያውን ተጫነ።

«ልጅዎ እኮ መሞት ነው የምታስበው!»

ማሽኑ ጸጥ ብሎ ነበር። ቃሉ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። በጎማ ጥገና ቤት መዶሻ የሚመታው ሰው እንኳን መምታቱን አቆመ። ቫርኒሽ ቀቢው ብሩሹን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። እትዬ ፊሽካ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትኮራበት የኖረችውን ድምፅ ያን ቀን ጠላችው።

ከዚያ ከተደረደሩት ጣውላዎች ጀርባ ግንቧ ብድግ አለች። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ አስቀምጧት የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ነበር። እጇና ሽፋሽፍቷ በእንጨት ብናኝ ነጥቷል። ሁሉንም ሰምታለች።

አናጺው ወደ እሷ ዞረ። «ተሳስተዋል በያቸው» አለ። «ልጄ፣ ተሳስተዋል በያቸው።»

ልጅቷ የያዘችውን የወንበር እግር ቀስ ብላ ጣውላው ላይ አስቀመጠች።

«አልተሳሳቱም አባዬ» አለች። «ትናንትም ሲነግሩህ አልተሳሳቱም። ስንት ቀን ልነግርህ በር ላይ መጥቼ ተመለስኩ። ደክሞህ ተቀምጠህ ሳይህ … ምን ብዬ?»

ሠራተኞቹ ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ ወጡ። አናጺው የሚቀመጥበት ፈለገ። በወንበር በተሞላ ቤት ውስጥ አንድም ያለቀ ወንበር አልነበረም፤ ሰጋቱራው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ትናንት የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አንዱም አላመለጠኝም። ሌሊቱን ሙሉ በርሽ ላይ ነበርኩ። ዛሬም እዚህ ያመጣሁሽ ከዓይኔ እንዳትርቂ ነው። ሐኪም ጋ ከሄድን ግን እውነት ሊሆን ነው። ስሙን ካልጠራሁት የሚሄድ መስሎኝ …»

ልጅቷ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። አባትና ልጅ ከተቃቀፉ ዓመታት አልፈዋልና እንዴት እንደሚጀመር ጠፋባቸው። እሱ መጀመሪያ ከትከሻዋ ላይ ብናኙን አራገፈ፤ አራግፎ አራግፎ ሲጨርስ እጁ እዚያው ቀረ።

ያን ዕለት ሆስፒታል ገቡ። እናቷም ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ደረሰች። ሐኪሟ የልጅቷ ሕመም ድብርት መሆኑን ነገረቻቸው፤ አንድ ነጠላ ምክንያት ፈልገው እርስ በርስ እንዳይወቃቀሱም አስጠነቀቀቻቸው። መድኃኒት ተጀመረ፤ በየሳምንቱ መነጋገሪያ ቀጠሮ ተያዘ። አናጺውም ቤት ሲመለስ እጁ ሥራ ፈለገና፣ ሊቆለፍበት ለሚገባው ነገር ሁሉ ሳጥን ሠራ። ጣውላው ከመወፈሩ የተነሣ እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች፤ «ሌባ ቢመጣ ይህን ትቶ ባንክ ይሰብራል» አለች። ቁልፉ ከአባትየው አንገት አልወረደም።

ነገሩ በዚህ ተፈጸመ ቢባል ደስ ይል ነበር። ግን የሥራ ቤቱ ወሬ ሰፈር ደረሰ፤ ከሰፈር ትምህርት ቤት ገባ። አማካሪው ለእትዬ ፊሽካ ሻይ ይዞላት መጣና በዚያ በለስላሳ ድምፁ «እትዬ፣ መጠበቅ ነበረብዎ» አላት።

«ባልሄድ ኖሮ …»

«መሄድዎ አይደለም። ምስጢሯ ነበር። በጎ ሆኖ ወጣ ማለት ልክ ነበር ማለት አይደለም።»

ያን ጊዜ «እ?» አላለችውም። ጥርት ብሎ ተሰምቷታል።

ግንቧ ከሳምንታት በኋላ ስትመለስ መምህርቷን ሰላም ሳትላት አለፈች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ደጋግማ አለፈች። በመጨረሻ እትዬ ፊሽካ መንገዷ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«በድዬሻለሁ» አለቻት። «ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም።»

«ሁሉም ‹ሕይወትሽን አተረፉልሽ፣ አመስግኛቸው› ይሉኛል» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ የንዴት ዕንባ ነው። «ክፍል ስገባ ግን ሁሉም ዝም ይላል። እርሳስ ሲያቀብሉኝ እንኳን እንደ እንቁላል ነው የሚያቀብሉኝ። እርስዎ ነዎት እንዲህ ያደረጉኝ።»

«ልክ ነሽ።»

ልጅቷ ክርክር ጠብቃ ነበር። ክርክሩ ሲጠፋ ንዴቷ የሚደገፍበት አጣ። «ማመስገን ስችል አመሰግንዎታለሁ» አለች። «አሁን አልችልም።»

«አትቸኩዪ። እኔ የትም አልሄድም።»

ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ አናጺው ልብሱን ቀይሮ መጣ። ከመምጣቱ በፊት ልጁን «ልናገር?» ብሎ አስፈቅዷታል። እሷም ስታስብበት ከርማ «ታማ ነበር በል፤ ሌላ አትጨምር» ብላዋለች። ስለ መማሪያ መጻሕፍትና ስለ ማርፈድ ከተወራ በኋላ እጁን አወጣ።

«እኔ ንግግር አልችልም» አለ ተነሥቶ። «ልጄ ታማ ነበር። እየታከመች ነው። እነዚህ መምህራን ሲነግሩኝ እየሰማሁ ያልሰማሁ ሆንኩ። እናንተ እንደ እኔ እንዳትሆኑ። ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ መልሱ ቢያስፈራም ጠይቁ።» ተቀመጠ።

ከኋላ መደዳ አንዲት እናት መሐረብ አወጡ። ስብሰባው ሲያልቅ አማካሪው ጋ ሊያነጋግሩት የቆሙት ወላጆች ወረፋ ርዕሰ መምህሩን ቢሮውን ዘግቶ እንዳይሄድ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አማካሪ እንዲቀጠር ጥያቄ ቀረበ፤ እስካሁን «እየታየ ነው»። አማካሪው ግን ቢሮ ተብሎ ከተሰጠው የምድር ቤት መጋዘን ወጥቶ መስኮት ያለው ክፍል ተሰጠው።

ግንቧ ወደ ጎሉ አልተመለሰችም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ያስተኛት ነበር፤ በኋላም ስትሻል «ተጠባባቂዋ ከእኔ ትሻላለች፤ አትንኳት» አለች። ልምምድ ግን መጥታ ዳር ላይ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴም ከእትዬ ፊሽካ አጠገብ። መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ኳስ ነበር። ቀጥሎ ስለ ፊልም። አንድ ቀን ልጅቷ ምንም ሳትጠየቅ «ዛሬ መካከለኛ ነኝ» አለች፤ መምህርቷም «መካከለኛ ጥሩ ነው» አለቻት።

መጥፎ ቀንም አልቀረም። በፈተናው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ትምህርት እየተሰጠ፣ ግንቧ ከክፍል ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ማንም አልጠራትም፤ ማንም አልላካትም። አማካሪው ክፍል ስትደርስ ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ሁለት ተማሪዎች ቀድመዋት ተቀምጠዋል፦ አንዲት ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ያወረደች ልጅና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ግዙፍ ልጅ። ቆም አለች። ልጁ ቦርሳውን አነሣና ጠጋ አለላት።

«ብዙ ይቆያል?» አለች እየተቀመጠች።

«አንድ ሰው ውስጥ አለ። ከዚያ እሷ፣ ከዚያ እኔ» አለ ልጁ። ጎንበስ ብሎ ፊቷን አያት። «ካስቸኮለሽ ግን ቅደሚኝ።»

ግንቧ ትንሽ አሰበች፤ የእውነት አሰበች።

«ዛሬ አዎ» አለች። «ያስቸኩለኛል።»

«በይ ቅደሚ» አላት። ኮፍያ ያደረገችውም ልጅ ምንም ሳትናገር ቦታዋን ለቀቀችላት፤ ግንቧም ወደ በሩ ተጠጋች።